ሰርዝ ወይስ ቀጥል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የማስረክበው በር አልነበረኝም። ሰው ሥራ ሲለቅ በእጁ ያለውን ንብረት አስረክቦ፣ ክሊራንሱን አስፈርሞ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። እኔ ዘንድ ቁልፉ ነበር፤ በሩ ግን ከነመቃኑ ሄዷል። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ቅጹን ዘርግታ "ጋሽ ተሾመ፣ እዚህ ጋ ምን ብዬ ልሙላው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ባዶውን ተዪው" አልኳት። ቁልፉን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልሰጠኋትም። ዛሬም ሐይቅ ከተማ፣ ከቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ከጃኬቴ ጎን ተንጠልጥሏል።

ከቁልፉ ሌላ ከዚያ ሁሉ የሥራ ዘመን የተረፈኝ አንድ የካርቶን ክላሰር ነው። ውስጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእጃቸው የጻፏቸው ወረቀቶች አሉ። ስለ አንድ የኮምፒውተር ሲስተም ሞክረው ያዩትን፣ የወደዱትንና የጠሉትን የጻፉበት ነው። ሰው ቢያየው እሳት ማቀጣጠያ ነው የሚለው። እኔ ግን ከተማው ሲሸሽ ከቢሮው ይዤው የወጣሁት እሱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ለመናገር ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት ውጫሌ፣ በአምባሰል ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በታይፒስትነት ነው። ያን ጊዜ ታይፒስት ማለት ሴት ማለት ስለነበር፣ የቢሮው ሰው "ተሾመች" ይለኝ ነበር። ስቄ ዝም አልኩ፤ እጄ ፈጣን ስለነበር ቆይተው እነሱም ዝም አሉ። የአማርኛ ታይፕ ራስ የሚያዞር ነገር ነበረው። ፊደሉን ከመታህ በኋላ እግሩን ወይም ቀለበቱን በሌላ ቁልፍ ትቀጥልለታለህ፤ ትንሽ ከሳትክ ፊደሉ አንካሳ ይሆናል። የተሳሳተውን በምላጭ ፍቀህ፣ በጥፍርህ አለስልሰህ፣ እንደገና ትመታለህ።

አለቃዬ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የጻፍኩትን ደብዳቤ ሁሉ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያያል፤ የተፋቀ ቦታ ካየ "ስርዝ ድልዝ አለበት" ብሎ ይመልስልኛል። የዚያ ሰው ሌላው ነገር ተረስቶኛል። "ስርዝ ድልዝ" የምትለዋ ግን አጥንቴ ውስጥ ገብታ ቀረች። ለእኔ መሰረዝ ማለት የተጻፈን ነገር ማበላሸት፣ በላዩ ላይ መስመር ማስመር፣ እንዳልነበረ ማድረግ ነው። ሌላ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

ታይፑ ሲበላሽ የሚጠግነው ጋሽ እንድሪስ ነበር። የሐይቅ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢውን በአንድ ትከሻው ጣል የሚያደርግ። በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ታይፕ፣ ማባዣ፣ ሰዓት፣ ራዲዮ ይሠራል። ዛሬ ቴክኒሻን ነኝ ለማለት የምደፍር ከሆነ በእሱ ምክንያት ነው። ማሽን ከመክፈቱ በፊት ጋዜጣ ያነጥፋል። "ቢስሚላሂ" ብሎ የመጀመሪያዋን ብሎን ይፈታና በጋዜጣው ጥግ ያስቀምጣታል፤ ሁለተኛዋን ከጎኗ፣ ሦስተኛዋን ከዚያ ቀጥሎ። ሲገጥም ከመጨረሻዋ ተነስቶ ወደኋላ ይመጣል። አንድም ቀን ብሎን ተርፎት አላየሁም።

ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጥያቄው ነበር። መፍቻውን ሳያነሳ ባለቤቱን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ "የማነው? ምን አለበት? ይሠራ ወይስ ይቅር?" የመንግሥት ታይፕ ሲሆን እንኳን ይጠይቀኝ ነበር። "ጋሽ እንድሪስ፣ እንዲሠራ አይደል እንዴ የጠራንህ?" ስለው፣ "አፍህ ይበለው እንጂ የኔ ጌታ" ይለኛል።

አንድ የገበያ ቀን አንድ ሰው የሟች አባቱን ራዲዮ ይዞ መጣ። ድምፁ ይንተባተባል፤ ውስጡ ይጠረግልኝ አለ። ጋሽ እንድሪስ እንደ ልማዱ ጠየቀው። ሰውየው ሁለቱን ከመለሰ በኋላ ሦስተኛው ላይ ቆመ። "ሲጠረግ የጣቢያው መርፌ ይነቃነቃል?" አለ። "ይነቃነቃል" አለው። ሰውየው ራዲዮውን ትንሽ ሲያይ ቆየና፣ "አባቴ እንዳቆመው ነው ያለው። ይቅር" አለ። ጋሽ እንድሪስ የራዲዮውን ላዩን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ በሁለት እጁ መለሰለት። ሰውየው ሲሄድ "አየህ፣ ባልጠይቀው ኖሮ በደለኛ ነበርኩ" አለኝ።

ኮምፒውተር ወረዳው ሲገባ ከታይፕ ወደ እሱ ዞርኩ። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው፤ ማሽኑ በዳንቴል ተሸፍኖ ይውላል፤ ኃላፊው ካልፈቀደ አይገለጥም። እኔ በካልሲ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ገበሬዎቹ በመስኮት እያዩኝ ይስቁ ነበር። ቆይቶ ሐይቅ ላይ የሕዝብ ኮምፒውተር ማዕከል ሲከፈት ወደዚያ ተዛወርኩ። ሰባት ማሽን፣ አንድ ማተሚያ፣ ከመስኮቱ ውጭ ሐይቁ። ጋሽ እንድሪስ አርጅቶ ሥራ አቁሞ ስለነበር በየማለዳው ይመጣና በሩ ላይ ካለው ወንበር ቁጭ ይላል። ማሽን ስከፍት ከሩቅ ሆኖ "ጠየቅክ?" ይለኛል። ለውጡ ሳይመጣ አኼራ ሄደ። ወንበሩን ከበሩ ላይ ማንሳት አልቻልኩም።

የለውጡ ሰሞን ነገር ሁሉ ሊከፈት ነው የሚመስልበት ሰሞን ነበር። በዚያ ክረምት ለዕረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ለበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ ማዕከላችን ተመደቡ። ስድስት ነበሩ። ሁለቱን ብቻ ላስተዋውቅ። አንዱ ዲያቆን ምስጋናው ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ የአብነት ትምህርት ተምሮ ያደገ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ሳይንስ የገባ፣ ቀልደኛ ልጅ። ሁለተኛዋ ዘሃራ ናት፤ ከአምባሰል ገጠር የመጣች፣ ቃል የማታባክን፣ እሷም የኮምፒውተር ተማሪ። አባቷ ሼህ አሊ በመውሊድ ጊዜ መንዙማ በማውጣት የታወቁ ሰው ነበሩ።

ማሽኖቻችን ያኔ በቫይረስ ታመው፣ አንድ ፊደል ለመጻፍ ሰው እስኪያዛጋ ያስጠብቁ ነበር። ዘሃራ ናት አዲሱን ሲስተም ያመጣችው። በፍላሽ ይዛ መጥታ፣ "ጋሼ፣ ይኼ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ማንም አይከለክልዎትም" አለችኝ። አልገባኝም። "የሠራው ሰው ለራሱ አልቋጠረውም። ውስጡን ከፍተው ሊያዩት፣ ሊያርሙት፣ ለሌላም ሊሰጡት ይችላሉ። በቃ፣ ጀባ ብሎታል" ስትለኝ ገባኝ። ጀባ ወሎ ውስጥ ሰው ያለውን ለሌላው ሲያቀርብ የሚለው ቃል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሲስተሙ ስም በእኛ ቤት "ጀባ" ሆነ።

ልጆቹ በየማሽኑ እየጫኑ ሞከሩት። እኔም አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ እንዲጽፉት። ጥሩም ይሁን መጥፎ ያያችሁትን በወረቀት አስፍሩ አልኳቸው። እንዴት ያሉ ወረቀቶች ናቸው! ምስጋናው "ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በየወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ የግእዙ ቁጥርም አልተጓደለም፤ ነገር ግን የዜማ ምልክት ስለሌለው የኔታ በዚህ አያስተምሩም" ብሎ ጻፈ። ሌላው "ማተሚያውን አያውቀውም፤ ማተሚያውም እሱን አያውቀውም፤ አስተዋውቄያቸው ተግባብተዋል" አለ። ሌላዋ "በሦስት ደቂቃ የሚነሳው በአንድ ደቂቃ ተነሳ፤ ጨዋታችን ግን ቀረ፤ እስኪነሳ ስንጠብቅ ነበር የምንጫወተው" ብላለች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ እነሱ ሲከራከሩ፣ እኔ የጋሽ እንድሪስን የራዲዮ ታሪክ ስነግራቸው፣ ዕድሜዬ ወደኋላ የሄደ ይመስለኝ ነበር። ያን ክረምት መልሶ የሚሰጠኝ ቢኖር ጡረታዬን በሙሉ እሰጠው ነበር።

ስድስቱ ማሽኖች ተጫኑ። ቁጥር ሰባት ቀረ። ያለምክንያት አልነበረም። ዘሃራ ከዓመት በፊት የአባቷን መንዙማ በስልኳ ቀድታ፣ ስልኩ ሲሞላባት እንደ ማንኛውም ተገልጋይ ማዕከላችን መጥታ ወደ ቁጥር ሰባት አዛውራው ነበር። በዚያ በጋ አባቷ ሞቱ፤ ስልኩም ተሰበረ። "ሌላ ፍላሽ ገዝቼ ልውሰደው" ስትለኝ፣ "ምን አስቸኮለሽ፣ እዚህ ይቀመጥልሽ፤ እኔ አለሁ አይደል?" ያልኳት እኔ ነኝ። ከአባቷ የቀረው ድምፅ በዓለም ላይ ያለው በዚያች ማሽን ውስጥ ብቻ ነበር።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ እነ ዘሃራ ጁምዓ ሄዱ፤ ምስጋናው ገዳም ወርዷል። ብቻዬን ነኝ። ልጆቹ ሲጽፉ አይቼ ቀንቼ ነበር። እኔስ ለምን አንድ ወረቀት አልጽፍም? ኮምፒውተሩን ባልችል አማርኛውን ማን ያስተምረኛል? ዕድሜዬን በአማርኛ ጽሕፈት የፈጀሁ ሰው ነኝ አልኩ። ጀባን ከመጀመሪያዋ ገጽ ጀምሬ ልየው፣ መጨረሻው ሳልደርስ እመለሳለሁ ብዬ ፍላሹን ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሰካሁ። ያልተጫነበት ቁጥር ሰባት ብቻ ነው። የበሩ ወንበር ባዶ ነበር፤ "ጠየቅክ?" የሚለኝ አልነበረም።

ገጽ በገጽ እያነበብኩ ሄድኩ። ደስ ይላል፤ ሁሉም በአማርኛ ነው። ከዚያ አንዲት ትንሽ መስኮት መጣች። "በዚህ ዲስክ ላይ ለውጥ ሊደረግ ነው" ትላለች። ከሥሯ ሁለት ቁልፎች፦ ሰርዝ። ቀጥል። እዚህ ላይ ነው መመለስ ያለብኝ አልኩ። ሰርዝ? የሰው ንብረት እንዴት እሰርዛለሁ! የውጫሌው አለቃዬ ደብዳቤውን ወደ መስኮት ሲያነሳ ታየኝ። ቀጥል የሚለው ግን የለመድኩት የቃለ ጉባኤ ቃል ነው፤ "ባለበት እንዲቀጥል ተወስኗል" እያልኩ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ባለበት ይቀጥል ብዬ ተጫንኩት።

የማሽኑ መብራት መብለጭለጭ ጀመረ። እኔ ወደኋላ የመለሰኝ መስሎኝ ብዕሬን አንስቼ "አማርኛው ግልጽ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ያ ወረቀት ዛሬም ክላሰሩ ውስጥ አለ። ቀና ስል አዲስ ገጽ "እንኳን ደህና መጡ" ይለኛል።

ምስጋናው ሲመጣ ነገርኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ባወቀው ፕሮግራም ሁሉ ፈለገ። የፋይሎቹ ስም አንዳንዱ ተገኘ፤ "አባዬ አንድ"፣ "አባዬ መውሊድ"። ስትከፍተው ውስጡ ምንም የለም። ሰኞ ዘሃራ ስትገባ ቆሜ ጠበቅኳት።

"ዘሃራ፣ ቁጥር ሰባትን አጠፋሁት።"

"ምነው፣ መብራት ሄደ እንዴ ጋሼ?" አለችኝ። ማሽኑን የዘጋሁት መስሏታል።

"አይደለም። ዲስኩን ነው።"

ቦርሳዋን ሳታወርድ ቁጭ አለች። "የአባዬንም?"

"የአባትሽንም።"

ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ያገኘሁት አንድ ቃል "ይቅር በይኝ" የሚል ነበር። አልመለሰችልኝም። ወደ ማሽኑ ዞራ፣ "ምን ብሎ ጠየቀዎት?" አለች። ምስጋናው በሌላ ማሽን መስኮቷን አወጣላት። ዘሃራ ፊቷን አስጠግታ አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

"ጋሼ፣ ወላሂ አንብቤው አላውቅም" አለች። "ስድስት ማሽን ስጭን የት እንደምጫን በእንግሊዝኛው ለምጄዋለሁ። አማርኛውን አንድም ቀን አላነበብኩትም።"

"እኔም" አለ ምስጋናው፤ "ማናችንም አላነበብነውም።"

ሰርዝ ያሉት ተወው፣ አታድርገው ለማለት ኖሯል። ያን ሁሉ ወረቀት የጻፉ ልጆች ያላዩትን እኔ አነበብኩ፤ አንብቤም አጠፋሁ። ማን ነው የተሳሳተው ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ቃሉም ተሳስቷል። ነገር ግን ጋሽ እንድሪስ ቃል አላስተማረኝም፤ ያስተማረኝ እንድጠይቅ ነው። ባለቤቷን ሳልጠይቅ ነው የነካሁት።

ዘሃራ በማግስቱ መጥታ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። "ሌላ ሰው እንዳይሳሳት" አለች። ስለ አባቷ አንድ ቃል የለበትም። እንዲህ ይላል፦ "ሰርዝ የሚለው ቁልፍ መቀየር አለበት። ሰው ማጥፊያ ይመስለዋል። ምን ይባል? ተወው፦ ታናሽን ማዘዝ ይመስላል፤ አዛውንት አይጫነውም። ተመለስ፦ ወዴት? አቁም፦ የተጀመረ ነገር ያለ ይመስላል። ለጊዜው አላገኘሁም።" ከዚህ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው።

ክረምቱ ሲያልቅ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ዘሃራ መኪናው ውስጥ ገብታ በመስኮት እጇን ስትሰጠኝ፣ "ይቅር አላልሽኝም" አልኳት።

"እየፈለግሁ ነው ጋሼ" አለች።

ቃሉን ይሁን ይቅርታውን አልገባኝም። መኪናው ተነሳ። እሷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ያውቀዋል። ጦርነቱ ወደኛ ሲጠጋ ከተማው ዕቃውን በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ደሴ ተነሳ። እኔ ወደ ማዕከሉ ሄድኩ። ሰባቱን ማሽኖች አየኋቸው፤ በምን ይነሳሉ? ክላሰሩን በጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ በሩን ቆለፍኩ፤ ሁለት ጊዜ ገፋ አድርጌ አየሁት። በእግር ደሴ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን። በየመጠለያው ክላሰሩን ተንተርሼ ተኛሁ። ከሰው አንዱ "ምንድነው እሱ፣ የቤት ካርታ ነው?" ሲለኝ "አዎ" አልኩት።

ስንመለስ ማዕከሉ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ማሽኖቹ የሉም፤ የጋሽ እንድሪስ ወንበርም የለም። ምስጋናው ከገዳሙ በእግሩ መጥቶ አቅፎኝ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ዘሃራን ጠየቅኩት። አያውቅም። በውጫሌ መንገድ ስትወጣ ያያት ሰው ነበር ተባለ፤ ስልኳ አይሠራም፤ መንደሯ ሰው ልኬ ቤቱ ተዘግቷል አሉኝ። ተርፋለችም፣ የለችምም የሚል ሰው አጣሁ። ጡረታ የወጣሁት እንደዚያ ሆኜ ነው። በየቀኑ ሐይቁ ዳር እየሄድኩ እቀመጣለሁ፤ የሚናፍቀኝ ማሽን አይደለም፤ ያ ዝናብና የእነዚያ ልጆች ክርክር ነው። ከሁሉ በላይ ግን ያልተመለሰልኝን መልስ እጠብቅ ነበር።

በቀደም የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ወይዘሮ አልማዝ አስጠራችኝ። ያገለገሉ አራት ኮምፒውተሮች ተሰጥተዋቸው የሚያስነሳላቸው ሰው አላገኘችም። "ጋሽ ተሾመ፣ እጅዎን አይርሱ ብዬ ነው" አለችኝ። አንዱ ወጣት ያወረደላትን የዘንድሮውን ሲስተም በፍላሽ ሰጠችኝ። ስከፍተው አወቅኩት፤ ጀባ ነው። መልኩ ተለውጧል፤ ሰላምታው ያው ነው። ገጽ በገጽ ሄድኩ። ከዚያ ያቺ መስኮት መጣች። "በዚህ ዲስክ ላይ ለውጥ ሊደረግ ነው" ትላለች። ከሥሯ ሁለት ቁልፎች፦ ይቅር። ቀጥል።

መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ይቅር ይላል። የራዲዮው ሰውዬ ቃል፤ የጋሽ እንድሪስ ቃል። እኔ ራሴ ለልጆቹ እየደጋገምኩ የነገርኳቸው፣ ሲጠፋብን ግን ትዝ ያላለኝ ቃል። ስለ ትርጉሙ የሚለውን ገጽ ፈልጌ ከፈትኩ። የተርጓሚዎች ስም ዝርዝር አለ፤ በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ዘሃራ አሊ፣ አምባሰል። ከስሟ ጎን "መጨረሻ የታረመው ባለፈው ወር" ይላል።

ወይዘሮ አልማዝ ጣቴ ስሙ ላይ መቆሙን አይታ ቀረበች። "ምነው፣ ተበላሸ እንዴ? ይቀጥል?"

"ቆዪ አልሚ" አልኳት። "መጀመሪያ ልጠይቅሽ። ይኼ ማሽን የማን ነበር? ውስጡ የሰው ነገር አለበት?"

"እንጃ፤ የሰጡንን ሰዎች ደውዬ ልጠይቅ" ብላ ስልኳን ፍለጋ ወጣች። እኔ ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠጋሁ። የማውሱን ቀስት ይቅር የሚለው ላይ አድርጌ ተጫንኩት። መስኮቷ ተዘጋች፤ ምንም አልጠፋም።